የሞት ቅጣት ፍርድ፣ ይግባኝና ተከላካይ ጠበቃ፦ ከአምቦ ችሎት እስከ ርዕሰ ብሔሩ

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የሞት ቅጣትን ዛሬም በቅጣት ዓይነትነት ይዟል። ቅጣቱ በተግባር ሲፈጸም ግን እምብዛም አይታይም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወዲህ በሰፊው የሚታወቁት አፈጻጸሞች ሁለት ናቸው። አንደኛው በሜጀር ጄኔራል ሐየሎም አርአያ ግድያ ጥፋተኛ በተባለው ሰው ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈጸመው ነው። ሁለተኛው የቀድሞውን የደኅንነት ኃላፊ አቶ ክንፈ ገብረመድኅንን በመግደል በተፈረደበት መኮንን ላይ ሐምሌ 30 ቀን 1999 ዓ.ም. ተፈጽሟል። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤቶች ቅጣቱን መወሰናቸውን አላቆሙም። በመሆኑም በሞት እንዲቀጣ የተፈረደበት ሰው ረጅም ጊዜ የሚኖረው በፍርዱና በአፈጻጸሙ መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው። ይህን መንገድ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በክርክሩ ወቅት ማን እንደቆመለትና ይግባኙ በጊዜው መቅረቡ።

ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በሁለቱም ረገድ ሕጎች ተሻሽለዋል። ማሻሻያዎቹ ምን እንደለወጡና ምን እንዳልለወጡ የሚታየው ግን ሕጉን ከአዲስ አበባ ሆኖ በማንበብ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ የግድያ ክስ ከምዕራብ ሸዋ ዞን ተነስቶ የሚጓዝበትን መንገድ በመከተል ነው።

ክሱ የሚጀመርበት ቦታ

በምዕራብ ሸዋ ዞን ከባድ የግድያ ወንጀል በየትኛውም ወረዳ ቢፈጸም፣ በጊንጪም ሆነ በጉደር፣ በጌዶም ሆነ በጀልዱ፣ ምርመራው በአካባቢው ፖሊስ ይጀመርና ክሱ የሚሰማው አምቦ በሚገኘው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው አምቦ ለጊንጪና ለጉደር ነዋሪ ቅርብ ናት። ለባኮ ነዋሪ ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ይህ ርቀት በወንጀል ሕጉ ውስጥ አልተጻፈም፤ ሆኖም የመከላከያ ምስክር ከባኮ ወይም ከጀልዱ ቀበሌ ተነስቶ በቀጠሮው ቀን አምቦ መድረስ መቻል አለመቻሉ በክርክሩ ውጤት ላይ የራሱ ድርሻ አለው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ሰው መግደልን በደረጃ ይለያል። በአንቀጽ 539 የተመለከተው ከባድ የሰው ግድያ በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ያስቀጣል። በአንቀጽ 540 የተመለከተው ተራ የሰው ግድያ ቅጣት ከ5 እስከ 20 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። በሁለቱ አንቀጾች መካከል ያለው ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ የሚረጋገጠው ደግሞ በጥቃቅን ፍሬ ነገሮች ነው። ተከሳሹ አስቀድሞ አስቦበትና ተዘጋጅቶ ነበር ወይስ በድንገተኛ ጠብ ተነሳስቶ? የተጠቀመበት መሣሪያና አገዳደሉ ልዩ ጭካኔን ያሳያል ወይ? የገደለው ተቀጥሮ ወይም ሌላ ወንጀል ለመፈጸምና ለመሸፈን ነው ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ለይቶ መጠየቅና ማስረጃን በዚያው ልክ መፈተን የሕግ ባለሙያ ሥራ ነው። ሕግ ያልተማረ ተከሳሽ “አልገደልኩም” ወይም “ገድያለሁ” ከማለት አልፎ ይህን ክርክር ሊያደርግ አይችልም።

ተከላካይ ጠበቃ የሚመደበው መቼ ነው?

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው ከጠበቃው ጋር እንዲነጋገር ይፈቅዳል። ጠበቃ የሚገዛበት ገንዘብ ለሌለው ሰው ጠበቃ ማቆምን ግን በጠቅላላው አልደነገገም፤ ፍርድ ቤት ጠበቃ እንዲያቆም በግልጽ የታዘዘው በከባድ ወንጀል ለተከሰሱ ወጣት ጥፋተኞች ነበር። ለአካለ መጠን የደረሰ ድኃ ተከሳሽ በሞት በሚያስቀጣ ወንጀል ተከሶም ብቻውን ይቆም ነበር ማለት ነው።

ይህን የለወጠው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 የተከሰሱ ሰዎች በመረጡት የሕግ ጠበቃ የመወከል መብት እንዳላቸው ደንግጎ፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም በማጣታቸው ፍትሕ ሊጓደል የሚችልበት ሁኔታ ሲያጋጥም ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይጨምራል። “ፍትሕ ሊጓደል የሚችልበት ሁኔታ” የሚለው ሐረግ በቀላል ወንጀሎች ረገድ ሊያከራክር ይችላል። በሞት ሊያስቀጣ በሚችል ክስ ግን የሚያከራክር ነገር የለውም። ተሳስቶ የታሰረን ሰው መፍታት ይቻላል፤ ተሳስቶ የተገደለን ሰው መመለስ አይቻልም።

ድንጋጌውን በሥራ ላይ ለማዋል የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት በፌዴራል ደረጃ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥር ተደራጅቷል። በኦሮሚያ ክልልም ተከላካይ ጠበቆች በክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ሆነው በየደረጃው ባሉ ፍርድ ቤቶች ያገለግላሉ። ከዚህ በተጨማሪ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች፣ አምቦ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቆች በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ ግዴታ ጥሎ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ደግሞ የጠበቆች ማኅበርን በሕግ አቋቁሟል።

ይሁንና አንድ ክፍተት ልብ ሊባል ይገባል። አንቀጽ 20 የሚናገረው ስለ ተከሰሱ ሰዎች ነው። የተያዙ ሰዎችን የሚመለከተው አንቀጽ 19 በማስገደድ ቃል እንዳይሰጡ ይጠብቃቸዋል፤ አንቀጽ 21 ደግሞ ከሕግ አማካሪያቸው ጋር የመገናኘት ዕድል ይሰጣቸዋል። በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ማግኘት ግን የተደነገገው በተከሳሾች አንቀጽ ሥር ነው። በግድያ ምርመራ እጅግ ወሳኝ የሆኑት ቀናት ደግሞ ከክሱ በፊት ያሉት ናቸው። ተጠርጣሪው ለፖሊስ ቃሉን የሚሰጠው፣ አንዳንዴም በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 35 መሠረት ፍርድ ቤት ቀርቦ የእምነት ቃሉን የሚያስመዘግበው በእነዚህ ቀናት ነው። ተከላካይ ጠበቃው ከወራት በኋላ ሲመደብ የእምነት ቃሉ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይጠብቀዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 36 በሞት በሚያስቀጣ ጉዳይ ውጤታማ የጠበቃ ድጋፍ ከምርመራው ጀምሮ እስከ ይግባኙ መኖር እንዳለበት፣ ካልኖረ የሞት ፍርዱ በዘፈቀደ ሕይወትን እንደ ማጥፋት ሊቆጠር እንደሚችል ገልጿል። ኢትዮጵያ ኮሚቴው የሚከታተለውን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በሰኔ 1985 ዓ.ም. ተቀብላለች። ሕገ መንግሥቱም የመሠረታዊ መብቶች ምዕራፍ ከእንዲህ ያሉ ስምምነቶች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎም ያዛል።

አንድ ማቅለያ ምክንያት ሕይወት ሲያተርፍ

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 117 የሞት ቅጣትን በጠባብ በር ብቻ ያስገባል። ወንጀሉ እጅግ ከባድ፣ ወንጀለኛውም በተለይ አደገኛ መሆን አለበት። ቅጣቱ በሕግ ተለይቶ የተደነገገ፣ ወንጀሉም ፍጻሜ ያገኘ መሆን ይኖርበታል። ጥፋተኛው ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ ግን የቅጣት ማቅለያ ምክንያት አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል። ሌሎቹ ሁኔታዎች ሁሉ ተሟልተው አንድ ማቅለያ ብቻ ቢገኝ፣ በሕጉ መሠረት የሞት ቅጣት ሊወሰን አይችልም።

ስለዚህ ተከላካይ ጠበቃው ከጥፋተኝነት ፍርዱ በኋላ፣ ከቅጣት ውሳኔው በፊት የሚያቀርበው ማስረጃ ከሌላው ክርክር ሁሉ የሚበልጥ ክብደት ሊኖረው ይችላል። ዕድሜን እንመልከት። በመላ አገሪቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በገጠር የተወለደ ወጣት የልደት ምስክር ወረቀት ላይኖረው ይችላል፤ ዕድሜው የሚረጋገጠው በክርስትና ወረቀት፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ወይም በሕክምና ምርመራ ነው። 17 እና 18 ዓመትን የሚለየው ወረቀት ጀልዱ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ ፈልጎ የሚያመጣው ሰው ካልተገኘ ለፍርድ ቤቱ እንደሌለ ይቆጠራል። የአእምሮ ሁኔታም እንዲሁ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 48 እና 49 ስለ ፍጹም ኢ-ኃላፊነትና ስለ ከፊል ኃላፊነት ይደነግጋሉ፤ ጥርጣሬ በተነሳ ጊዜ ደግሞ የባለሙያ ምርመራ እንዲታዘዝ አንቀጽ 51 ይፈቅዳል። ጥርጣሬውን ለችሎቱ የሚያነሳ ሰው ግን ያስፈልጋል።

በምዕራብ ሸዋ ከዚህ ጋር የሚነሳ የአካባቢው ጉዳይ ጉማ ነው። በኦሮሞ ባህል ሰው ሲገደል የገዳይ ወገን በሽማግሌዎችና በአባ ገዳዎች አማካይነት ለሟች ወገን ካሳ ይከፍላል፤ ደም ይደርቃል፤ ሁለቱ ወገኖች ይታረቃሉ። የዕርቁ ዓላማ በቀል ወደ ሌላ ደም እንዳይሸጋገር ማድረግ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 240/2013 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ይህ ሲባል ግን ጉማ የግድያ ክስን ያስቀራል ማለት አይደለም። መንግሥት ክሱን ይቀጥላል፤ ፍርድ ቤቱም ይፈርዳል።

የጉማ ሕጋዊ ትርጉም የሚመጣው በቅጣት ደረጃ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ጥፋተኛው ከወንጀሉ በኋላ በእውነት መጸጸቱን፣ እጁን መስጠቱን ወይም ላደረሰው ጉዳት የተቻለውን ያህል ካሳ መክፈሉን ከጠቅላላ ማቅለያ ምክንያቶች መካከል ይቆጥራል። የሟች ቤተሰብ የተቀበለው ጉማ ለዚህ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው፣ ጉማን የሚከፍለው ወገን ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀው ደግሞ የጥፋተኛውን የራሱን ጸጸት ነው። ክሱን እስከ መጨረሻ የካደ ሰው ዘመዶቹ ከብት በመክፈላቸው ብቻ ተጸጽቷል ለማለት ያስቸግራል። ሁለተኛው፣ በሽማግሌዎች ፊት የተነገረ ቃል ጥፋተኝነት ሳይረጋገጥ ወደ ችሎት ከገባ በተከሳሹ ላይ ሊመሰከር ይችላል። ዕርቁን በየትኛው የክርክር ደረጃና በምን ማስረጃ ማቅረብ እንደሚገባ መወሰን ጠበቃን የሚጠይቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ቤተሰቦች የዕርቁ ወረቀት ብቻውን ይበቃል ብለው ያምናሉ፤ አይበቃም።

አሥራ አምስት ቀን፣ ሠላሳ ቀን

ይግባኝ የማለት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 6 ተረጋግጧል። መብቱ የሚፈጸምበት ሥርዓት ግን ዛሬም በ1954ቱ ሕግ ይመራል። በአንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ ባዩ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀናት ውስጥ ለፈረደው ፍርድ ቤት የይግባኝ ማስታወቂያ ይሰጣል። የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በኋላ ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ያቀርባል። ሕጉ ለሦስት ወር እስራትም ሆነ ለሞት ቅጣት የሰጠው ጊዜ አንድ ነው።

ከዚህም በላይ ይግባኙ በራሱ አይንቀሳቀስም። በኢትዮጵያ ሕግ የሞት ፍርድ የሰጠ ፍርድ ቤት መዝገቡን በራሱ ተነሳሽነት ለበላይ ፍርድ ቤት ለምርመራ እንዲያስተላልፍ የሚያስገድድ የይግባኝ ሥርዓት የለም። የተፈረደበት ሰው ወይም ዐቃቤ ሕግ መጠየቅ አለበት። ሌሎች አገሮች የተለየ መንገድ የመረጡበት ጊዜ አለ። በሕንድ የሞት ፍርድ የሰጠው ፍርድ ቤት መዝገቡን ራሱ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይልካል፤ ያ ፍርድ ቤት ሳያጸድቀው ቅጣቱ ሊፈጸም አይችልም። ቻይና እ.ኤ.አ. ከጥር 2007 ጀምሮ የሞት ፍርዶችን የመጨረሻ ምርመራ ለጠቅላይ ሕዝባዊ ፍርድ ቤቷ መልሳለች። የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣቸው መጠበቂያዎችም በሞት ቅጣት ጉዳይ ይግባኝ ግዴታ እንዲሆን እርምጃ እንዲወሰድ ይመክራሉ።

የግዴታ ይግባኝ ለምን እንደሚያስፈልግ ከኢትዮጵያ ታሪክ ምሳሌ ማንሳት ይቻላል። የታኅሣሥ 1953ቱን መፈንቅለ መንግሥት የመሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በመጋቢት 1953 ዓ.ም. በስቅላት እንዲቀጡ ሲፈረድባቸው ይግባኝ እንደማይሉ ተናገሩ፤ ቅጣቱም ፍርዱ በተሰጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተፈጸመ። የእርሳቸው ውሳኔ የኩራት ሊሆን ይችላል። በማረሚያ ቤት ተስፋ ቆርጦ፣ ታሞ ወይም መብቱን ሳያውቅ 15 ቀን የሚያልፍበት ሰው ዝምታ ግን ከኩራት የመጣ አይደለም። ሕጉ ሁለቱን ዝምታዎች አይለይም።

ከአምቦ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚነሳው ይግባኝ የሚሄደው ወደ ኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ይህ ፍርድ ቤት ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም እንደገና መመርመር፣ ተከሳሹን በነጻ ማሰናበት፣ ቅጣቱን መቀነስ ወይም ማክበድ ይችላል። ቀጥሎ ያለው የሰበር አቤቱታ ከዚህ ይለያል። ሰበር ሰሚ ችሎት መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን እንጂ ምስክሮች እውነት መናገራቸውን አይመረምርም። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጥ የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ተደርጓል፤ አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ ቀድሞ የነበረውን አዋጅ ቁጥር 25/1988 ተክቶ የሰበርን ሥልጣን በአዲስ መልክ ደንግጓል። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ውጤት ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያው ይግባኝ ያልተነሳ የፍሬ ነገር ክርክር በሰበር ላይ ቦታ አያገኝም። አምቦ ላይ ያልተጠየቀ ምስክር አዲስ አበባ ላይ አይጠየቅም።

ሌላው የመንገዱ እንቅፋት ቋንቋ ነው። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን የፌዴራሉ ሰበር ችሎት የሚሠራው በአማርኛ ነው። አምቦ ላይ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ መዝገብ ወደ ፌዴራል ሰበር ሲደርስ መተርጎም ይኖርበታል። የወንጀል ክርክር ደግሞ በአንድ ቃል ይዞራል፤ “አስቦበት” እና “ተናድዶ” በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ርቀት በአንቀጽ 539 እና በአንቀጽ 540 መካከል ካለው ርቀት ጋር አንድ ነው። ሕገ መንግሥቱ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ለሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብ ያዛል። በሞት ቅጣት መዝገብ የትርጉሙ ጥራት የመከላከል መብት አካል ተደርጎ ሊታይ ይገባዋል።

ይግባኝ ቅጣትን ሲያከብድ

ይግባኝ የተከሳሽ መብት ብቻ አይደለም፤ ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ ይላል። ይህ እውነት በግልጽ የታየው በደርግ ባለሥልጣናት መዝገብ ነው። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ መንግሥት ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ በጥይት አስገድሏል፤ ክስ አልነበረም፣ ጠበቃ አልነበረም፣ ይግባኝም አልነበረም። የደርግ መሪዎች ራሳቸው ለፍርድ ሲቀርቡ ግን አቅም ለሌላቸው ተከላካይ ጠበቆች ተመደቡላቸው፤ ክርክሩም ከታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ጀምሮ ለ12 ዓመታት ተካሄደ። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያምንና ሌሎችን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ፣ በጥር 1999 ዓ.ም. ማቅለያ ምክንያቶችን በመቀበል በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣ።

ልዩ ዐቃቤ ሕጉ ቅጣቱ አንሷል በማለት ይግባኝ አቀረበ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ይግባኙን ተቀብሎ በኮሎኔል መንግሥቱና በከፍተኛ ባለሥልጣናቱ ላይ የሞት ቅጣት ወሰነ። የሞት ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው በይግባኝ ደረጃ ነበር ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተፈረደበት ሰው በሞት ቅጣቱ ላይ ፍሬ ነገሩን የሚመረምር ሁለተኛ ፍርድ ቤት አያገኝም፤ የቀረው ሰበርና ምሕረት ነው። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 14 ንዑስ አንቀጽ 5 ማንኛውም የተፈረደበት ሰው ጥፋተኝነቱና ቅጣቱ በበላይ ፍርድ ቤት እንዲታይለት ይጠይቃል። ወንጀሉ የቱንም ያህል የከፋ ቢሆን ጥያቄው የሥርዓት ጥያቄ ነው፤ ነገ በአምቦ የተሰጠን የዕድሜ ልክ እስራት ኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ወደ ሞት ቢለውጠው ያው ጥያቄ ይነሳል።

መዝገቡ የተቋጨው በፍርድ ቤት አልነበረም። የሃይማኖት አባቶች ምሕረት ከጠየቁ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ በግንቦት 2003 ዓ.ም. የ23 የቀድሞ ባለሥልጣናትን የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡ። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በኢጣሊያ ኤምባሲ ተጠልለው የነበሩት የሁለቱ ባለሥልጣናት፣ የሌተና ጄኔራል አዲስ ተድላና የሌተና ኮሎኔል ብርሃኑ ባይህ፣ የሞት ቅጣትም በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጧል።

የርዕሰ ብሔሩ ፊርማ ምን ይተካል፣ ምን አይተካም?

የወንጀል ሕጉ የሞት ቅጣት በርዕሰ ብሔሩ ሳይጸድቅ፣ በይቅርታ ወይም በምሕረት አለመለወጡም ሳይረጋገጥ እንዳይፈጸም ይከለክላል። በአደባባይ በስቅላትም ሆነ በሌላ ኢሰብዓዊ መንገድ እንዳይፈጸም ያዛል። ጽኑ ሕመምተኛ፣ የአእምሮ ሁኔታው የተዛባ ሰው ወይም ነፍሰ ጡር ሴት በዚያ ሁኔታ ውስጥ እስካሉ ድረስ አፈጻጸሙ ይታገዳል። የይቅርታ ጥያቄ የሚስተናገደው በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 840/2006 መሠረት ነው።

ይህ ጠንካራ መጠበቂያ ነው። ባለፉት ዓመታት አፈጻጸም እጅግ የተመናመነውም ፍርዶቹ ከዚህ በር ሳያልፉ በመቅረታቸው ነው። ነገር ግን ርዕሰ ብሔሩ ምስክር አይሰማም፤ የተከሳሽን ዕድሜ አይመረምርም፤ አንቀጽ 539 በስህተት ተጠቅሶ እንደሆነ አይበይንም። ምሕረት የፍርድ ቤትን ስህተት ማረሚያ ሳይሆን ለታወቀ ጥፋት የሚሰጥ ርኅራኄ ነው። ንጹሕ ሰው ምሕረት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ይግባኝ ነው። በዕድሜ ልክ የተለወጠ የሞት ቅጣትም ጥፋተኛ ባልነበረ ሰው ላይ ያው ግፍ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ አንጻር የማሻሻያው ቀሪ ሥራ ያለው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ፣ የወንጀል ሕጉ፣ የፍርድ ቤቶች አዋጅና የጥብቅና አዋጅ ሲታደሱ የ1954ቱ ሕግ የቆመው በነበረበት ነው። አሁንም ይግባኝ ለጨረሰ ሰው የንጉሠ ነገሥቱን ዙፋን ችሎት የሚያመለክት ድንጋጌ በውስጡ ይገኛል፤ ዙፋኑ ከወረደ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፏል። ይህን ሕግ የሚተካ የወንጀል ሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕግ ረቂቅ ለዓመታት ሲዘጋጅና ሲመከርበት ቆይቷል። በሞት ቅጣት ረገድ ከአዲሱ ሕግ የሚጠበቁት ነጥቦች ጥቂትና ግልጽ ናቸው። ተከላካይ ጠበቃ ከምርመራው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ መመደብ አለበት፤ ያው ጠበቃ ወይም ተተኪው እስከ ሰበርና እስከ ይቅርታ ጥያቄው ድረስ መቀጠል አለበት፤ መዝገቡም የተፈረደበት ሰው ባይጠይቅ እንኳ ወደ በላይ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት።

ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ

አሁን ባለው ሕግ የተፈረደበት ሰውና ቤተሰቡ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የ15 ቀኑ ጊዜ የሚቆጠረው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ነው፤ ስለዚህ የይግባኝ ማስታወቂያውን ለመስጠት የፍርዱን ግልባጭ መጠበቅ አያስፈልግም። ማስታወቂያው አጭር ሊሆን ይችላል፤ ዝርዝር ምክንያት የሚጻፈው በኋላ በማመልከቻው ላይ ነው። በማረሚያ ቤት ያለ ሰው ወረቀቱን በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩል ማቅረብ ይችላል። በዚህ ጊዜ ወረቀቱ የተሰጠበት ቀን ተጽፎ፣ የተቀባዩ ስምና ፊርማ ያለበት ቅጂ በእጅ እንዲቀር መጠየቅ ይገባል። የ30 ቀኑ ጊዜ የሚጀምረው የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰበት ቀን በመሆኑ ግልባጩ የተሰጠበት ቀንም በጽሑፍ መያዝ አለበት።

በከፍተኛው ፍርድ ቤት የቆመው ተከላካይ ጠበቃ ለይግባኙም ይቀጥል እንደሆነ በፍርዱ ዕለት መጠየቅ ያስፈልጋል። የማይቀጥል ከሆነ የተፈረደበት ሰው ወይም ቤተሰቡ ሌላ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። የዕድሜ፣ የሕክምናና የትምህርት ቤት ማስረጃዎች እንዲሁም የጉማ ስምምነቱ ከተገኙ ዋናቸው በቤተሰብ እጅ ተጠብቆ ቅጂያቸው ለጠበቃው ይሰጣል።

ጊዜው ቢያልፍም በሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ይግባኝ ባዩ የዘገየው በራሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት መሆኑን ካስረዳ፣ ይግባኙን ጊዜው ካለፈ በኋላ ለማቅረብ እንዲፈቀድለት ይግባኝ ሰሚውን ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። በሌለበት የተፈረደበት ሰውም ፍርዱን ባወቀ በ30 ቀናት ውስጥ ፍርዱ እንዲነሳለት የሚያመለክትበት ሥርዓት አለ። ለሁለቱም ማመልከቻዎች ምክንያቱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ፣ ለምሳሌ የሕክምና ወረቀት ወይም ግልባጩ የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ የማረሚያ ቤት ደብዳቤ፣ አብሮ መያያዝ አለበት።